የጌጡን ላዳ ማክረም

(ሐይቅ ከተማ ዳር፣ በሰኔ መጨረሻ አንድ ሰኞ ጠዋት፤ አቶ አራጋው ባሕር አቋርጦ ለመሰደድ የወጣ ልጁን የጌጡን ላዳ ለክረምት ሊያስቀምጣት በግቢው ውስጥ የኋላ ጎማዋን በክሪክ እያነሳ ነው፤ አብሮ አደጉና ጎረቤቱ ይማም ሚስቱ ዘሃራ ያሰናዳችውን የተከደነ ሳህን በጋቢው ሥር ይዞ መጥቷል።)

ይማም፦ እኔ እምልህ፣ መጀመሪያ እህል ቅመስ። ላዳዋ የትም አትሄድብህ።

አራጋው፦ የትም እንዳትሄድ እኮ ነው የምለፋው። ያንን ድንጋይ ወዲህ በለው።

ይማም፦ ይሄንን?

አራጋው፦ እሱማ ድቡልቡል ነው። ከበስተግራህ ያለውን፣ ጠፍጣፋውን። አዎ። ከጎማዋ ጀርባ፣ ከብረቱ ሥር አግባልኝ። እጅህን ቶሎ አውጣ፤ ክሪኩ እንደኛው አርጅቷል፣ ሳያስጠነቅቅ ቁጭ ይላል።

ይማም፦ አገባሁት። ዝቅ አድርጋት።

አራጋው፦ ጎማዋ መሬት ነካ?

ይማም፦ በሥሩ ጣት ያሳልፋል።

አራጋው፦ ይበቃል። ጌጡ እንዲህ ነው ያለኝ፤ «አባባ፣ መሬት ከነካ ክረምቱን ሙሉ አንድ ጎኑ ላይ ተኝቶ ይበላሻል» ነው ያለኝ። በስልክ ነው ያስተማረኝ፣ ከዚያ ከባሕሩ ዳር ሆኖ።

ይማም፦ አውቃለሁ፣ ነግረኸኛል።

አራጋው፦ ደግሜ ብነግርህ ምናለ? ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለኝ። ሰው ባለው ያወራል።

ይማም፦ አቦ፣ አውራኝ፤ ማን ከለከለህ? እየበላህ አውራኝ ነው ያልኩህ። ዘሃራ ናት የላከችልህ፣ እንዳይቀዘቅዝ እየሮጥኩ ነው የመጣሁት።

አራጋው፦ አንተ ሮጥክ?

ይማም፦ ፈጠን ብዬ ተራመድኩ። ቂጣ ነው፤ በቅቤ አርሳ ፈትፍታልሃለች።

አራጋው፦ በምን አርሳ?

ይማም፦ በቅቤ።

አራጋው፦ ይማም፣ ዛሬ ምንድን ነው?

ይማም፦ ሰኞ።

አራጋው፦ ወሩስ?

ይማም፦ ሰኔ። ውይ። ጾም ነው ለካ።

አራጋው፦ የሐዋርያት ጾም ነው። አምና በፍልሰታ፣ ሥጋ በልቼ ሳልታጠብ የጾመኛ ግቢ አልረግጥም ብለህ ከደጃፌ የተመለስክ ሰው አይደለህም? ጾሙ በስንት እንደሚፈታ ሲጠፋኝ የምጠይቀው አንተን አይደል?

ይማም፦ ሰው ነኝ፣ ይጠፋብኛል። እርጅና ነው።

አራጋው፦ ዘሃራም አረጀች? በአንድ ቀን?

ይማም፦ ጠዋት ጠዋት ነገር አትፈልግ። ቅቤ የሌለበት ላስጋግር። ደረቁን ቂጣ በአዋዜ ብትበላው ዘሃራ አትቀየምም።

አራጋው፦ ቅዳሴ ሳይወጣ አልቀምስም። እሱንም ታውቃለህ።

ይማም፦ ዛሬን ብቻ። ለታመመ ሰው ይፈቀዳል ትሉ የለም?

አራጋው፦ ማን ታመመ?

ይማም፦ ማንም አልታመመ። ፊትህ ገርጥቷል ብዬ ነው።

አራጋው፦ መኪና ሥር ያደረ ሰው ፊት ምን ይሁንልህ? ሳህኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጥና ና፤ ሁለተኛው ጎማ ይቀረናል። ሰማዩን አታየውም? ከሐይቁ ማዶ ጠቁሯል።

ይማም፦ አየሁት። ምናለ ነገ ብትጨርሰው፣ ከነገ ወዲያ?

አራጋው፦ ከነገ ወዲያማ ከአስፋልቱ እስከዚህ ያለው መንገድ ጭቃ ነው፤ አህያም በልመና ነው የምትወጣው። ዛሬ ካልተዘጋጀች እንደቆመች ትበሰብሳለች። ንሳ፣ ያዘው ይህን እጀታ። አዙር። ቀስ እያልክ።

ይማም፦ ወገቤን።

አራጋው፦ ወገብህ ሐድራ ላይ ሌሊቱን ሙሉ መንዙማ እያልክ ስትወዛወዝ አያምህም።

ይማም፦ ሐድራ ላይ የሚያነሳኝ ሌላ ነው፣ ወገቤ አይደለም። ደግሞስ ሐሙስ ሐሙስ የሚወስደኝ የአንተው ልጅ አልነበር? መንገዱን ሙሉ ካሴቱን እያስጮኸ፣ የሸኹ ቤት ልንደርስ ስንል ጥርቅም አድርጎ ያጠፋው ነበር። «አባ ይማም፣ ዘፈን ሰምተሃል ወይ ብለው ሸኹ ቢጠይቁህ ምን ትላለህ?» ይለኛል። «ጆሮዬ ከብዷል እላለሁ» እለዋለሁ።

አራጋው፦ ይህን አልነገርከኝም።

ይማም፦ አልነገርኩህም?

አራጋው፦ አልነገርከኝም። ለምን ዛሬ ነገርከኝ?

ይማም፦ ላዳዋን አይቼ ትዝ አለኝ። ድንጋዩን ልግፋው?

አራጋው፦ ግፋው። ይበቃዋል። አሁን ኮፈኗን እንክፈትና ባትሪውን እናውጣ። ነዳጁን ቅዳሜ አስሞልቻታለሁ።

ይማም፦ ለማትነዳ መኪና ነዳጅ ሞላህ?

አራጋው፦ ባዶ ከሆነ ቋቷ ውስጡ ያልበዋል፣ ይዝጋል አለኝ። እኔም እንዳንተው ነበር ያልኩት። «ለቆመ በቅሎ ገብስ» አልኩት። ሳቀብኝ። ደግ ሳቅ ነበር፣ ነፋሱ መሀል እየገባ ቆራረጠው እንጂ። በል ያንን ቁልፍ አቀብለኝ። ጥቁሩ ሽቦ ይቀድማል፣ ከዚያ ቀዩ።

ይማም፦ ጥቁሩ ለምን ይቀድማል?

አራጋው፦ አላውቅም። አስቀድም አለኝ፣ አስቀድማለሁ።

ይማም፦ እኔ ልያዘው፣ ከባድ ነው።

አራጋው፦ አንድ ላይ እናንሳው። ወደ ደረትህ አታስጠጋው፣ አሲዱ ጋቢህን ይበላዋል። ከአልጋችን ሥር ነው የሚከርመው። ትብለጥ ትቆጣለች። «የሞተ ብረት ላይ አልተኛም» ትላለች። አምና ግን ብርድ በጠና ጊዜ ነጠላዋን ደርባበት ደርሼባታለሁ። ምን እያደረግሽ ነው ብላት፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል አለችኝ።

ይማም፦ ትብለጥ የት ሄዳ ነው?

አራጋው፦ ሥላሴ። ኪዳን አድርሳ በወፍጮ ቤት ታልፋለች።

ይማም፦ መቼ ትመለሳለች?

አራጋው፦ ወፍጮው ሲለቃት። ምነው?

ይማም፦ እንዲያው ነው። እሷስ እህል ቀምሳ ነው የወጣችው?

አራጋው፦ ወደ ኪዳን ነው እኮ የሄደችው ያልኩህ።

ይማም፦ እሱስ ልክ ነህ። ነገ ጠዋትስ፣ ሁለታችሁም ቤት ናችሁ?

አራጋው፦ ወዴት እንሄዳለን?

ይማም፦ እንዲያው ነው የጠየቅኩህ።

አራጋው፦ ዛሬ «እንዲያው» አበዛህ። ባትሪውን እዚህ ደፍ ላይ እናሳርፈው። አንድ፣ ሁለት። ጎሽ። እኔ ኋላ እየገፋሁ አገባዋለሁ። አሁን ያንን አሮጌ ጨርቅ ጠቅልልና የጭስ ማውጫዋን ወትፍልኝ።

ይማም፦ እንዴት ተደርጎ?

አራጋው፦ እንደ እንስራ አፍ። ጠቅጥቀው። አምና አይጥ ገብታ ሽቦውን ቀርጥፋ ቀርጥፋ፣ መስከረም ላይ ቁልፍ ቢያዞር ቢያዞር ዝም። ጌጡ የተቆጣው ግን አይጧን አይደለም፤ ያንተን ድመት ነው።

ይማም፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

አራጋው፦ ድመትህ ሹመት እንጂ ሥራ አታውቅም። የፊት መከላከያው ላይ ተኝታ፣ አይጧ በሆዷ ሥር ነው ያለፈችው።

ይማም፦ የእኔ ድመት ሰላም ወዳድ ናት። ጠቀጠቅኩት። ውስጧንስ ልጥረገው? መሪው ሥር ሁሉ የጌጡ የኦቾሎኒ ቅርፊት ነው። አይጥን የሚጠራው ይኸው ነው።

አራጋው፦ ተወው።

ይማም፦ መጥረጊያው እዚህ አለ እኮ፣ አንዴ ነው።

አራጋው፦ ተወው አልኩህ።

ይማም፦ አሁን ስለ አይጥ የምታወራው አንተ አልነበርክም?

አራጋው፦ የሾፌሩን በር ዝጋው፣ ይማም።

ይማም፦ እሺ። ዘጋሁት።

አራጋው፦ በዚያኛው በኩል ግባና የእጅ ፍሬኑን ልቀቀው። ታስሮ ከከረመ ይነክሳል። መስኮቱንም ጣት ያህል ዝቅ አድርግላት፤ የታፈነ ነገር ይሻግታል።

ይማም፦ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አራጋው፦ ምን ያስቸኩልሃል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ይማም፦ ለቀቅኩት። መስኮቱም ወርዷል።

አራጋው፦ ትናንት ማታ የቅሬው እድር ተሰብስቦ ነበር።

ይማም፦ ማን ነገረህ?

አራጋው፦ ማንም አልነገረኝ፤ ባንተ ደጃፍ ሳልፍ ጫማውን አየሁት። የሸኹ ጫማ አለ፣ የመሪጌታ ጫማ አለ፣ የእነ ሞላ አለ። የቅሬው ሽማግሌ ሁሉ ተጠርቶ እኔ ብቻ ቀረሁ። እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርኩ መሰለኝ።

ይማም፦ ነህ እንጂ። ቀላል ጉዳይ ስለሆነ ነው ያላስቸገርንህ። ስለ ድንኳኑ ነው። ተቀድዷል፣ ዝናቡ ሳይጠና እናስጠግነው ብለን።

አራጋው፦ ድንኳኑ የት ነው የሚቀመጠው?

ይማም፦ አንተ ዘንድ።

አራጋው፦ እኔ ዘንድ። እዚያ ጎተራው ውስጥ። ተቀድዶ እንደሆነ ከእኔ በቀር ማን ያውቃል?

ይማም፦ ባለፈው ለለቅሶ ሲጥሉት ያየ ሰው አለ።

አራጋው፦ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። አንተ ደግሞ ጠላ አትቀምስ፣ በምን ላውጣልህ?

ይማም፦ የሚወጣ ነገር የለኝም።

አራጋው፦ ይሁን። የሙሄ እናት ትዝ ትልሃለች?

ይማም፦ የትኛዋ?

አራጋው፦ የላይ ሰፈሯ። መርዶ ልንነግራት የሄድን ለት። በሯ ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አደረግከኝ። «ቆይ፣ መጀመሪያ እህል ትቅመስ፤ ከሰማች በኋላ ስንት ቀን በጉሮሮዋ እንደማይወርድ አይታወቅም» አልከኝ። ከጎረቤት ንፍሮ ለምነን መጣን፣ ርቦናል አብረሽን ብዪ አልናት። እየሳቀች በላች። «ዛሬ ምን ሆናችሁ፣ ልታደልቡኝ ነው?» እያለች።

ይማም፦ ተው፣ አራጋው።

አራጋው፦ እኔም እየሳቅኩ ልብላልህ?

ይማም፦ ተው ወንድሜ።

አራጋው፦ ዕድሜህን ሙሉ ጾሜን ስትጠብቅልኝ ኖረህ፣ ዛሬ በገዛ እጅህ ቅቤ ይዘህልኝ መጣህ። ምን ቢያስደነግጥህ ነው ብዬ ሳህኑን ሳየው ነው የገባኝ።

ይማም፦ እኔ ምንም አላልኩህም። አላህ ምስክሬ ነው፣ ከአፌ ምንም አልወጣም።

አራጋው፦ አልወጣም። አሁንም አይውጣ። ዝም በል። ሸራውን በዚያ በኩል ያዝልኝ።

ይማም፦ አራጋው፣ ና ትንሽ ቁጭ በል።

አራጋው፦ ሸራውን ያዝ አልኩህ። ይህ ሥራ እስኪያልቅ ልጄ ያዘዘኝን እየሠራሁ ነው። ሳበው ወደ አንተ። ገና ነው፣ መብራቷ አልተሸፈነም።

ይማም፦ ተሸፈነ።

አራጋው፦ በኋላ በኩል አጥሯል። ወደኔ መልሰው።

ይማም፦ እንካ።

አራጋው፦ አሁን በፊት አጠረ። አውርደነው እንደገና እንዘርጋው።

ይማም፦ ልኩ ነው እኮ። አምናም ይኸው ሸራ ነው።

አራጋው፦ አምና የዘረጋው እሱ ነው። እንደገና እንዘርጋው።

ይማም፦ እሺ። እንዘርጋው። ሥራ እየፈጠርክ ነው ግን።

አራጋው፦ አዎ።

ይማም፦ ዝናቡ ደረሰብን።

አራጋው፦ ይድረስ። ሰኔና ሰኞ አንድ ላይ ሲመጣብህ ምን ታደርገዋለህ? ትከሻዋ ላይ ከፍ አድርገው፤ ውሃ እንዳይቋጥር። መስከረም ሲጠባ ይህን ሸራ ማን ያነሳዋል?

ይማም፦ እኔ አለሁ። እኔ አነሳዋለሁ።

አራጋው፦ ጌጡ ትላለህ ብዬ ነበር።

ይማም፦ ሸራው እዚህ ጋ ታጥፏል፤ ላቃናው።

አራጋው፦ ብትዋሸኝ እቀበልህ ነበር። እስከ ዛሬ ለራሴ ስዋሽ የተቀበልኩ ሰው ነኝ። ስልኩ ውሃ ገብቶበት ነው ብያለሁ፣ ታስሮ ነው ብያለሁ። ታስሮ ይሆን ብሎ የሚጸልይ አባት አይተህ ታውቃለህ? እኔ ጸልያለሁ። ስለት ተስያለሁ፣ እስር ቤት ይሁንልኝ ብዬ።

ይማም፦ ከመሀላችን ማን ያልተሳለ አለ? እኔስ ሸኹ ዘንድ ስመላለስ የቆየሁት ለወገቤ መሰለህ?

አራጋው፦ ገመዱን ወርውርልኝ።

ይማም፦ እንካ። ስማኝ፣ አራጋው። ነገ ማለዳ ነው። ሁሉም ይመጣል። እስከዚያ አልጠየቅከኝም፣ አልነገርኩህም።

አራጋው፦ ዛሬ ንገረኝ።

ይማም፦ እንዲህ አይደረግም። መርዶ በአንድ አፍ፣ ለአንድ ሰው አይነገርም፤ አንተው ነህ ይህን ለወጣቶቹ ያስተማርክ። ግራና ቀኙን የሚይዘው ሰው ሳይኖር ለሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጣልበትም። ትናንት ማታ ቃል ተቀባብለናል። እኔ የተላክሁት አብልቼህ፣ ነገ እቤት እንድትገኙ አይቼ እንድመለስ ነው።

አራጋው፦ አላበላኸኝም።

ይማም፦ አላበላሁህም። የማልረባ መልእክተኛ ነኝ። አንተ ቤት አልሄድም፣ እኔ ፊቴ አይችልም ብያቸው ነበር።

አራጋው፦ ፊትህማ ከበሩ ሲገባ ነው የጮኸው። ገመዱን በጎማዋ ሥር አሳልፍልኝ። ግራና ቀኝ መያዙን እኔም አውቀዋለሁ፣ ስንቱን ይዤ። አንድ ነገር ግን ልብ ብለሃል? ባልና ሚስት አንድ ላይ ሲሰሙ፣ አንድ ላይ ነው የሚወድቁት። የያዘው ሰው ማንን ቀድሞ እንደሚያነሳ ግራ ይገባዋል። የሌላ ሰው እጅ ደግሞ እንደ ራስ እጅ አይሆንም።

ይማም፦ ዘሃራ ትይዛታለች። ከጎኗ አትለይም፣ ተነጋግረናል።

አራጋው፦ ዘሃራን ትገፋታለች። ወንድሟ የሞተ ጊዜ ምን እንዳደረገች ረሳኸው? ከአራት ሴት እጅ አምልጣ ወደ ገደሉ ስትሮጥ የደረስኩባት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አልያዛትም። ነገም የምይዛት እኔ ነኝ። ግን እሷ ስትሰማ እኔም ገና ከሰማሁ፣ እጄ አይታዘዘኝም።

ይማም፦ ቅሬው ቢያውቅ ምን ይለኛል? ሸኹ ምን ይሉኛል?

አራጋው፦ ማን ይነግራቸዋል? የማይጠጣ ሰው ነህ።

ይማም፦ በዚህ ነገር አትቀልድ።

አራጋው፦ ካልቀለድኩማ እጄ ይቆማል። ጫፉን ያዝልኝ። እሱን ሳይሆን፣ ያንን። ጣትህን መሀሉ ላይ ጫን አድርገው፣ እንዳይላላ። አሁን ልቀቅ።

ይማም፦ ጠበቀ?

አራጋው፦ ጠበቀ።

ይማም፦ በዚያኛውም ጎን አንድ ቋጠሮ ብንጨምርበትስ? ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ነው የሚመጣው።

አራጋው፦ ይበቃታል።

ይማም፦ የፊት ጎማዎቹን እኮ ድንጋይ አላስደገፍናቸውም።

አራጋው፦ እነሱን ቅዳሜ ማታ ጨርሻቸዋለሁ።

ይማም፦ ሌላም የቀረ ነገር አይጠፋም። ፈልግ እስቲ አራጋው፣ አስብ፤ ልጁ ያለህ ሌላ ነገር ይኖራል።

አራጋው፦ የለም፣ ያለኝ ይኸው ነው፣ አለቀ። የተረፈውን ገመድ ጠቅልለህ ከጣራው ሥር አስቀምጠውና ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ። አሁን ለእኔ ብቻ ንገረኝ፤ ነገ ስትመጡ እንዳልሰማ ሆኜ አለቅሳለሁ።